አራተኛ ለ እና በመስኮት የገባው ፈረስ

አምሳለ ወገኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። ከግምጃ ቤት ከተማ አንድ ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው የገጠር ትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህርት ሆና ስትመደብ አንድ ቃል አዊኛ አታውቅም ነበር። ያስተማሯት የራሷ ተማሪዎች ናቸው። በክፍለ ጊዜዋ እሷ ታርማቸዋለች፤ በእረፍት ሰዓት እነሱ ያርሟታል። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ ስለማስተምር ሳቃቸው በግድግዳው ስንጥቅ ይመጣልኝና የማባዛት ሠንጠረዡን ያምታታብኛል።

አምሳለን የሚያበሳጫት አንድ ነገር ነበር፤ የወላጆች ስብሰባ። የአራተኛ ለ የክፍል ኃላፊ ሆና በጠራችው የመጀመሪያ ስብሰባ ከአርባ ሦስት ተማሪዎች ወላጆች የመጡት አራት ናቸው። አንደኛው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተቀምጠው ካዳመጡ በኋላ፣ «እሺ፣ ማዳበሪያው መቼ ነው የሚታደለው?» ብለው ጠየቋት።

ከዚያ በኋላ እንጅባራ ላይ ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ፣ «ወላጅ ወደ ክፍል ካልመጣ፣ ክፍሉን በፎቶ ወደ ወላጅ ውሰዱት» አለ። አምሳለ ይህን ቃል እንደ ጸበል ይዛው ተመለሰች። ቤት ለቤት ዞራ የወላጆችን ፈቃድ ጠየቀች፤ አሥራ አንዱ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ነበራቸው፤ የቀሩት ከጎረቤት ለማየት ተስማሙ። ቴሌግራም ላይ «የአራተኛ ለ ወላጆች» የሚል ግሩፕ ተከፈተ።

በመጀመሪያው ዓርብ ልጆቹን በሦስት ረድፍ አቆመቻቸው። እያንዳንዱ የራሱን ጽሑፍ ደረቱ ላይ ይዟል። ፎቶውን ለቃ ከሥሩ፣ «ልጆቻችሁ ምን ያህል እንደጎበዙ እዩልኝ» ብላ ጻፈች። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስልኩን ከብበን መልስ ጠበቅን።

የመጀመሪያው መልስ መጣ። «መስኮቱ ላይ ያለው ፈረስ የማን ነው?»

አምሳለ ፎቶውን አስፍታ አየችው። እውነትም ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ በተከፈተው መስኮት፣ አንድ ዳማ ፈረስ አንገቱን አስገብቶ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ያያል።

ሁለተኛው መልስ፣ «የደርበው ነው። ከስቷል» የሚል ነበር።

አቶ ደርበው የተማሪያችን የሜላት አባት ናቸው። መጻፍ ስለማይችሉ የመለሱት በድምፅ ነው፤ አምሳለ ስትከፍተው ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። «ማነው እሱ ከስቷል ያለው! አንገቱን ብቻ አይቶ! ሆዱ እኮ ውጭ ነው የቀረው! መምህርት፣ በሚመጣው ዓርብ ሙሉውን አንሽልኝ!»

በዚያ ሳምንት ሃያ ስድስት መልስ መጣ። ስለ ልጆቹ የተጻፈ አንድም አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓርብ አቶ ደርበው ፈረሳቸውን አጥበው፣ ቀይ ዘርፍ ያለው ኮርቻ ጭነውበት፣ ራሳቸውም ነጭ ጋቢ ለብሰው መስኮቱ ሥር ቆሙ። በሦስተኛው ዓርብ ሦስት ፈረሶችና አንዲት በቅሎ መጡ። በአራተኛው ዓርብ ወይዘሮ ስሜነሽ፣ «ፈረስ ባይኖረኝ ከማን አንሳለሁ!» ብለው የሰባ በጋቸውን ታቅፈው በመስኮቱ ብቅ አደረጉት። መስኮቶቹ ሁሉ በራስና በጆሮ ተሞሉ። ክፍሉ ጨለመ። የኋላ ተማሪዎች ሰሌዳው አልታይ ብሏቸው ጮኹ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ብሥራት ጩኸቱን ሰምተው መጡ። እኔም የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ ትቼ ተከተልኳቸው።

«መምህርት አምሳለ፣ ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የከብት ገበያ?» አሉ።

አምሳለ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የደርበው ፈረስ አንገቱን ሰደድ አድርጎ ከሜላት እጅ ወረቀቷን ነጠቀ። ጎተተችው። አልለቀቀም። እያየነው አኝኮ ዋጠው።

«እንደልቡ! ትፋ! ትፋ ብዬሃለሁ!» ብለው ጮኹ አቶ ደርበው። የፈረሱ ስም እንደልቡ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው፣ «ምን ነበር የተጻፈበት? አይጎዳውም?» አሉ።

«ስለ ቤተሰባችን ነው» አለች ሜላት እንባዋ እየመጣ።

«በቃልሽ ታውቂዋለሽ?» አለቻት አምሳለ።

ሜላት እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። «አባቴ ደርበው ይባላል። ፈረሳችን እንደልቡ ይባላል። አባቴ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ እንደልቡን ደህና አደርክ ይለዋል። ከዚያ እናቴን ይላታል። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ላማችን ስትወልድ አራተኛ እሆናለሁ።»

ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ብሥራት እንኳ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አቶ ደርበው ብቻ አልሳቁም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ።

«እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ፈረሱ ቀድሞ ስለሚነሳ ነው።»

ያን ጊዜ አምሳለ በመስኮቶቹ ያሉትን ሰዎች መቁጠር ጀመረች። አሥራ አራት ወላጅ! እሷ በደብዳቤ፣ በደወልና በልመና ጠርታ አራት ያገኘች ሴት! ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ወላጆች ሁሉ ግቡ!» አለች። «ፈረሶች ይታሰሩ።»

«በጉስ?» አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ። «ከፈረሶቹ ጋር ባስረው ይረግጡታል።»

አምሳለ አቶ ብሥራትን አየቻቸው። አቶ ብሥራት ሰማይ ሰማይ አዩ። በጉ ገባ።

አሥራ አራት ትልልቅ ሰዎች የአራተኛ ክፍል አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። እያንዳንዱ ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ የጻፈውን አነበበ። ወላጁ ያልመጣ ልጅ ለሌላው ወላጅ አነበበ። ወይዘሮ ስሜነሽ በጉን ጭናቸው ላይ አድርገው ስድስት ልጆች አዳመጡ፤ በጉ በየአራት ነጥቡ «ባአአ» ይል ነበር። ሜላት ወረቀቷን እንደገና ጻፈችና ለአባቷ ሰጠች። እሳቸው ገልብጠው ይዘው በትኩረት ተመለከቱት። ሜላት አቀናችላቸው።

«እንደልቡ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

አሳየቻቸው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሜላት የሚለውስ?» አሉ።

«ስሜን አልጻፍኩም። እኔ የሚል ነው ያለው።»

«ጻፊው እንጂ! ስም አለሽ አይደል?»

አምሳለ ፎቶውን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው፤ ልጅቷ ስትጽፍ፣ አባትየው በጣታቸው ፊደሎቹን ሲከተሉ። ማታ የመጣው መልስ ብዙ ነበር። አንድ ሰው፣ «እኔ የሳቢር አባት ነኝ፤ ልጄ ለማን አነበበ? ለምን አልተጠራሁም?» ብሎ ተቆጥቶ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። ፎቶ የሚነሳው ልጁ ሲያነብለት ቁጭ ብሎ የሰማ ወላጅ ብቻ ነው፤ እንስሳ ደግሞ በወር አንድ ዓርብ፣ ከግቢው ውጭ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስብሰባ ሠላሳ ስምንት ወላጅ መጣ። ወንበር ስላልበቃ እኔ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። አቶ ደርበው አሁን በድምፅ ሲልኩ መጀመሪያ «ሜላት ደህና ዋለች ወይ?» ይላሉ፤ ቀጥለው ስለ ፈረሱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራሉ። አምሳለ ግን እድገት ነው ትላለች።

መከራው ወደ እኔ ዞረ። ባለፈው ዓርብ የእኔ ክፍል ወላጆች፣ «ከአራተኛ ለ በምን እናንሳለን?» ብለው ፀጉራቸውን በቅቤ ቀብተው፣ ሁለት ዶሮና አንድ ውሻ ይዘው መጡ። ክፍል ውስጥ ገብተው ልጆቻቸው የሠሩትን የማካፈል ጥያቄ አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ ተሰልፈው ቆሙ። የእኔ ስልክ ደግሞ ከመደወል በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። እንዲህ አምሮባቸው የመጡ ሰዎችን እንዴት ልመልሳቸው? ካልኩሌተሬን አነሳሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ «ፈገግ በሉ!» ብዬ እኩል ይሆናል የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ ፎቶው የታል?»

«ገና እየታጠበ ነው» አልኳቸው።