ስኩዊድ የነካ እጅ

ትላንት ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል፣ የደንበኛ መኪና እየተቀበልኩ የማቆምበት ሬስቶራንት በር ላይ አንዱ ቁልፉን ወርውሮልኝ ገባ። መኪናው ውስጥ የተጠበሰ ካላማሪ፣ ያ ስኩዊድ የሚሉት ባለ ብዙ እጅ የባህር እንስሳ፣ በካርቶን ትቶ ነበር። በሩን ስከፍተው ከዘይቱ ስር ያ የባህር ሽታ መጣብኝ። ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ለሌላው ሰው ምግብ ነው፣ ለኔ የወንድሜ ጃኬት ሽታ ነው።

ሃይስኩል ትቼ ቤት የተጎለትኩ ሰሞን ነው። ትልቅ ወንድሜ ሳን ፔድሮ ወደብ፣ ስኩዊድ የሚያሽጉበት ቤት ሥራ ገባ። ጀልባዎቹ በመብራት አታልለው ያጠምዱታል፣ ወደብ ሲደርስ በወፍራም ቱቦ ይመጠጣል፣ እነሱ ለይተው በረዶ ውስጥ ይከቱታል። ቤት ሲመጣ ጥፍሩ ስር ስኩዊዱ የሚረጨው ጥቁር ቀለም አለ። በሎሚ ይፈትገዋል፣ አይለቅም። "ይሄ የኛው ስንዝር ቢያህል ነው" ይለኝ ነበር። "ከሜክሲኮ በኩል የሚመጣው ሰው ያህላል። ትንሹ ደሞ ዓመት እንኳን አይኖርም። እንቁላሉን ይጥላል፣ በቃ ይሞታል።"

የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እናቴ ስለ ስኩዊዱ ጠየቀቻቸው። "ከውሃ እንስሳ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ርኩስ ነው" አሏት። ሶ፣ እራት ላይ ለወንድሜ ለብቻው ሳህን መጣለት። እኛ ቤት ተኳርፈን እንኳን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው።

"ይሄ ምንድነው እማዬ?"

"ብላ። ወጡ ያው ነው።"

"እኔ መቼ በላሁት? ማሸግ እኮ ነው።"

"እጅህ ነክቶታል።"

"ደሞ ክንፍ አለው። ሁለት።"

"ቅርፊትስ?"

ወንድሜ ሳቀ። "ቅርፊት የለውም። ሦስት ልብ ግን አለው፣ የዚህ ቤት ሰው ተደምሮ አይደርስበትም።"

የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ያው እጁ ነበር። ገንዘቡ ግን ርኩስ አልተባለም። ተናድጄ ትሪውን ትቼ እጄን ወደሱ ሳህን ስሰድ ያዘኝ። "ተው" አለኝ በቀስታ። "እማዬ ብቻዋን ልትበላ ነው?"

እንዲህ ከረመ። ከዛ ባህሩ ሞቀ። ስኩዊዱ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሸሸ፣ ጀልባዎቹ ተከተሉት፣ ወንድሜ አንዷ ላይ ተቀጥሮ ኦሪገን ገባ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ከዛ ለበዓል ብቻ፣ ከዛ ስልኩ ዲስኮኔክት ሆነ። ስኩዊዱ እንኳን በረዶ ሆኖ ቻይና ይሄዳል፣ እዛ ተጸድቶ ተመልሶ መጥቶ እዚሁ ይበላል።

አሁን እናቴ የሐበሻ ሰፈሩ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እያስቆመች "ኦሪገን ዘመድ አላችሁ ወይ?" ትላለች። ሰው ያዝንላታል። እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ቤት እመልሳታለሁ። ምን ልበላት? ወንድሜ የሄደ ቀን እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉንጯን የሳማት፣ እንዳይነካት ብሎ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው።