የራጅ ፊልም አክሊል

ማህራኤል ምድር ቤት፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ደረጃ ተካፍለን አርባ ዓመት ኖረናል። ስለ ሽታ አልጽፍም። በሙቀጠም ገደል ሥር፣ በቆሻሻ ለቃሚዎች ሰፈር የተወለደ ሰው አፍንጫው የሚሠራው ወደ ከተማ ሲወርድ ነው፤ ሳሙና ይሸተዋል።

ከሰፈሩ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ነኝ። ፍልስፍና ተማርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ፤ ጡረታ ወጣሁ። ሰዉ መምህር ለማለት «ኡስታዝ ዋዲዕ» ይለኛል፤ ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ደረጃዬን ይወጣል። ለማያነብ ሰው ማንበብ ጥርስ እንደ መንቀል ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍትልሃል። እኔ አንድ ቀን በዚያ በተከፈተ አፍ ውስጥ ጤነኛውን ጥርስ ነቀልኩ። ነገር ግን ታሪኩ የማህራኤል ነውና ከእሷ ልጀምር።

ከአስዩጥ ገጠር በአህያ ጋሪ ስትመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አብሰኽሮን አገባት። አብሰኽሮን በየማለዳው መኪናውን አስነሥቶ ከተማ ይወርዳል፤ የሚጠርገው ሁለት ጎዳናና አንድ የምርመራ ክሊኒክ ነው። ያመጣውን እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትለያለች። ፕላስቲክን በዐይኗ አትለይም፤ በጥፍሯ መታ አድርጋ ትሰማዋለች። «ይሄ ይጮሃል፤ ይሄ ያጉረመርማል» ትላለች፤ የሚጮኸው ወደ አንድ ጆንያ፣ የሚያጉረመርመው ወደ ሌላው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። በሆሳዕና ጎረቤቱ ሁሉ ከዘንባባ መስቀልና አክሊል ሲጎነጉን፣ እሷ ለሴት ልጆቿ ከተላጠ የመዳብ ሽቦና ከጣሳ መክፈቻ ቀለበት አክሊል ትሠራላቸው ነበር። «ዘንባባው ይደርቃል፤ የኔ ግን ትንሣኤንም ያልፋል» ትል ነበር።

ክሊኒኩ አሮጌ የራጅ ፊልም ይጥላል። በመንገዳችን መጨረሻ ያለው አጣቢ ፊልሙን በረኪና ውስጥ ነክሮ የብሩን ማዕድን ያወርድና ባዶ ሰማያዊ ፕላስቲክ ያስቀረዋል። ማህራኤል ግን ጥቂቶቹን ሳይታጠቡ ትደብቃለች። «አጥንት ሲታጠብ ያሳዝነኛል» ትላለች። በመንገዳችን ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ስም ሳይነበብ ፊልም አይቆረጥም። የሰፈር ሰው ከሆነ ለቤተሰቡ ይመለሳል። የሩቅ ሰው ከሆነ ስም ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ቅዳሜ ለቄሱ ይሰጣል፤ በቅዳሴ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የማንም አይደለም። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ አንባቢው እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ላሚስ የምትባል የልብስ ንድፍ ባለሙያ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከዛማሌክ መጣች። የማህራኤልን የሆሳዕና አክሊል የሆነ ቦታ አይታ ኖሯል።

«ውድድር አለ፣ እትዬ ማህራኤል። የራስ ጌጥ፤ ከጥራጊ ብቻ የሚሠራ። የዛሬ ሳይሆን የዛሬ መቶ ዓመት የሚደረግ መምሰል አለበት።»

«የዛሬ መቶ ዓመት ሰዉ ምን ይተርፈዋል ብለሽ ነው? የኛ ክምር ነው የሚተርፈው» አለች ማህራኤል እየሳቀች። «እሱን አናቱ ላይ ያስቀምጣል።»

«በቃ፣ እሱን ይሥሩልኝ!»

ያደፋፈርኳት እኔ ነኝ። ለውድድሩ የሚቀርበውን መግለጫም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ስለ ጊዜና ከሰው ስለሚቀረው ነገር። ማን እንዳነበበው አላውቅም። ከጡረታ በኋላ ግን የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ነበርና እንደ ልጅ ጓጉቼ ነበር። በየቀኑ ወርጄ አያታለሁ።

ንድፉን በወረቀት አልሣለችም። የተጣለ ጃንጥላ ሽቦዎች አጉብጣ ጎጆ የመሰለ ቅርጽ ሠራች። ፊልሙን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ትይዘዋለች፤ ሲለሰልስ ጉልበቷ ላይ አጥፋ ታጎብጠዋለች። በጋለ መርፌ ትበሳለች፤ ከተቃጠለ ሞተር በፈታችው ቀጭን መዳብ ትሰፋለች። የሰዎች የእጅ ጣቶች ከግራና ከቀኝ እንደ ክንፍ ተዘረጉ፤ የጀርባ አጥንት ከኋላ እንደ ሹሩባ ወረደ። ከተሰበረ መጫወቻ ያወጣቻቸውን ጥቃቅን አምፖሎች ከውስጥ ስታበራቸው ያ ሁሉ አጥንት ሰማያዊ ብርሃን ሆነ።

አብሰኽሮን በር ላይ ቆሞ አየና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን የደፋች ሙሽራ ብትመጣ ከባሏ በፊት ቄሱ ነው የሚሸሸው» አለ።

«አንተ የኔን ፊት አይተህ ካልሸሸህ ማንም አይሸሽም።»

የቀራት ግንባሩ ነበር። ለግንባሩ የሚሆን ፊልም አጥታ ብዙ ቀን ፈለገች።

ከመንገዱ ማዶ ከእኛ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሂያ ትኖራለች፤ በልጇ ስም «ኡም ቢሰንቲ»፣ የቢሰንቲ እናት፣ እንላታለን። አንድያ ልጇ ቢሰንቲ ሳንባውን ታሞ በሃያ ዓመቱ ሞተ። በዓመቱ ምድር ቤታቸው ያለው ካርቶን ተቀጣጥሎ ፎቶግራፎቹ ሁሉ አብረው ነደዱ። ከልጇ የቀራት አንድ የደረት ራጅ ብቻ ነበር። መስኮቷ ላይ ለጥፋው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ፊቱ ትቆማለች። ፊት የለውም፤ የጎድን አጥንት ነው። እሷ ግን «ልጄን ሰላም ልበለው» ነው የምትለው።

በዚያው ሰሞን መስተዋት ሠሪ መጥቶ የተሰነጠቀውን መስኮት ሲቀይር፣ ፊልሙን አንሥቶ ደረጃው ላይ ካለ የፕላስቲክ ክምር ላይ አኖረው። ሌላ ሰፈር ቢሆን ከሳምንት በኋላም እዚያው ይገኝ ነበር። እኛ ዘንድ ክምር ላይ ያረፈ ነገር አንድ ሰዓት አይቆይም። ባሂያ ከገበያ ስትመለስ ክምሩ ተሸጦ ሄዷል።

ያን ለት በሬን አንኳኳች። ነጠላ ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነበር።

«ኡስታዝ፣ የቢሰንቲን ራጅ አላዩም? መስቀሉ አለበት፤ ሐኪሙ አውልቅ ቢለው እምቢ ብሎ አንገቱ ላይ እንዳለ የተነሣው። በየክምሩ እየቆፈርኩ ነው። እርስዎ ጋ ፊልም ይመጣል ብለውኝ…»

«ከመጣ እኔው ራሴ ይዤልሽ እወጣለሁ፣ ኡም ቢሰንቲ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ማህራኤል ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ውድድሩ በማግስቱ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ቶሎ ያንብቡልኝ። መስቀል አለበት፤ የባሂያ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። መስቀልማ በሰፈሩ ሰው ሁሉ አንገት ላይ አለ፤ ከዚህ በፊትም ሁለት አግኝቻለሁ። ግን ያንብቡልኝ።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ከአጣቢው እጅ። በረኪናው ውስጥ ሊከተው ሲል ነጠቅኩት። የሩቅ ሰው ከሆነ ግንባሩ ተገኘ ማለት ነው። ወደ ብርሃን አድርገው ይዩት እስቲ!»

ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ሁለት ጥቁር ሳንባ፣ በላያቸው የጎድን አጥንት እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ፣ መሀል ላይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ነጭ ሆና የበራች ትንሽ መስቀል። ውብ ነበር። ጠርዙ ላይ የቢሰንቲ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል።

ደነገጥኩ ብል እዋሻለሁ። በጸጥታ፣ በሥርዓት አሰብኩ፤ ሙያዬ ነው። ያቺ ሴት በየጠዋቱ አጥንት እያየች ከምትደርቅ ቢጠፋባት ይሻላታል አልኩ። ማህራኤል ዕድሜ ልኳን ጎንበስ ብላ ኖራ አንድ ቀን ቀና ትበል አልኩ። ሁለቱም ምክንያት አሁንም ሲመዝኑት ይከብዳል። ከሁለቱ በታች የነበረውን ሦስተኛውን ግን ያን ጊዜ አልመዘንኩትም፦ መግለጫዬ በአዳራሹ እንዲነበብ እፈልግ ነበር።

«ሚና ሀቢብ» አልኳት። «የሹብራ ሰው ነው፤ የሩቅ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?»

ሳቀች፤ አፈረችም። «ይቅርታ፣ ኡስታዝ። ነፍስህን ይማር፣ ሚና» ብላ አማተበችና በመቀስ ጠርዙን ቆረጠች። ወደ ጣሳው ልትወስደው ስትል፣ «ለቄሱ እኔ እሰጠዋለሁ» ብዬ ተቀበልኳት። ቄሱ ቢያየው ያውቀዋላ። ቁራጩን መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ መብራት ጠፋ፤ ከጨለማው ያ አክሊል ብቻውን እየተንሳፈፈ መጣ። የተሸከመችው ልጅ አትታይም ነበር። መስቀሏ ግንባሯ ላይ በራች። ሰው ሁሉ ተነሣ። ማህራኤልን ወደ መድረክ ሲጠሯት በጥቁር ቀሚሷ ወጣች፤ የተቆራረጡ ጣቶቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ ወዲያ ወዲህ ታያለች፤ ስታየኝ ሳቀች። አለቀስኩ። ለቅሶዬ የውሸት አልነበረም፤ የደስታ ነበር። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

በትንሣኤ ማግስት ላሚስ የአክሊሉን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትማ አመጣች። አክሊሉ ባሕር ማዶ ላለ ኤግዚቢሽን ተመርጧል፤ ማህራኤልም አብራው ልትሄድ ነው። ሴቱ ሁሉ ምድር ቤት ተሰበሰበ።

«አውሮፕላን ላይ ስትወጪ ፕላስቲኩን መታ መታ እንዳታደርጊ፣ ያወርዱሻል!» አለቻት አንዷ።

ባሂያም የበዓል ብስኩት በሳህን ይዛ መጣች። ፍለጋውን አልተወችም፤ ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ» ብላ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ፎቶግራፉ ቀረበች። ሳህኑን በቀስታ መሬት ላይ አኖረች። ጣቷን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

«ሐብሉ ተበጥሶበት ነበር» አለች። «ይቺን ቋጠሮ በሽቦ የቋጠርኳት እኔ ነኝ።»

እውነት ነው፤ ከመስቀሏ በላይ በስተግራ አንዲት የጠጠር ያህል እብጠት ትታያለች። እኔ አላየኋትም ነበር፤ ስሙን ብቻ ነበር ያየሁት።

ማህራኤል ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም፤ ለመክሰስ ያየችኝ አይመስለኝም። ከጉሮሮዬ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልታክት የተናገርኩ ሰው ዝም አልኩ። ዝምታዬን አነበበችው።

ወደ ባሂያ ዞረችና፣ «ስሙን ሳላጣራ ቆረጥኩት፣ ኡም ቢሰንቲ» አለቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ባሂያ አልጮኸችም። «የልጄን የሠርግ አክሊል ሳላይ ሞተ ብዬ ሳለቅስ ነበር የኖርኩት» አለች። «ለካ ሌላ ሴት ደፍታዋለች።»

ማህራኤል በዚያው ሰዓት ከላሚስ መኪና ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ አልከለከለችኝም። በላሚስ ሥራ ክፍል ውስጥ አክሊሉ የሚጫንበት ሳጥን ተዘጋጅቶ ነበር።

«እትዬ ማህራኤል፣ ነገ እኮ ነው የሚጫነው! ሌላ ፊልም እንተካበት፤ በፎቶ ያለው ካልሆነ አይቀበሉንም እንጂ…» ላሚስ ራሷ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቀረች።

«አይቀበሉን።»

መዳቡን በጥርሷ እየበጠሰች ፈታችው። ግንባሩ ሲወጣ ክንፎቹ ወደ ውስጥ ወደቁ። ያን ያህል ሳምንት የተሠራው በግማሽ ሰዓት ተመልሶ ክምር ሆነ።

ፊልሙ እንደ ቅጠል ተቆርጦ ስለ ነበር ከአንዱ ሳንባ ግማሹ የለም። ዙሪያውን በመርፌ ተበሳስቷል። ማህራኤል በሁለት እጇ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ እኔ ደረጃው ሥር ቀረሁ። ባሂያ አዲሱ መስተዋት ላይ ለጠፈችው። ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይሁን፤ አሁን አየር ያስገባል። ልጄ አየር አጥሮት ነው የሞተው» ማለቷን ሰዎች ነገሩኝ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የነዚያ ቀዳዳዎች ብርሃን ግድግዳዋ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ሲያርፍ ከሰገነቴ ይታየኛል። ወንበሬን ወደ ሌላ ወገን አዙሬያለሁ።

ያ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ማህራኤል ከዚያ ወዲህ ፊልም ይዛ ደረጃዬን አልወጣችም። እንደ ወትሮው ሰላም ትለኛለች፤ በበዓል ሳህን ትልክልኛለች። ከባሏ ጀምሮ ለማንም አልተናገረችብኝም። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ግን ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሰጠው የማታ ትምህርት ገባች፤ መጀመሪያ የእኛን ፊደል፣ ቀጥሎ የፈረንጁን። አሁን ከታች ስትለይ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ በፊደል ፊደል እየጎተተች፣ ሁለት ሦስቴ እየተመለሰች፣ እስኪታክተኝ ድረስ አንድ ስም ታነባለች። እኔ በአንድ አፍታ አነብላት የነበረውን። አክሊል ግን ዳግመኛ አልሠራችም።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ስጨርስ ቀለል አለኝ፤ ቅለቱ ደግሞ አጠራጠረኝ። ባሂያ እኮ አታነብም። ለማያነብ ሰው በጽሑፍ መናዘዝ ሌላ «ሚና ሀቢብ» ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከቁራጩ ጋር ይዤ ምድር ቤት ወረድኩና ለማህራኤል ሰጠኋት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። በጣቷ እየተከተለች ብዙ አነበበች። ያቀረበችልኝ ሻይ ቀዘቀዘ። ኡም ቢሰንቲ በሬን ያንኳኳችበት ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወረቀቱን አጠፈች፤ ስሙ ያለበትን ቁራጭ በላዩ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ይሄንን እኔ አላነብላትም፣ ኡስታዝ» አለች። «አንባቢው እርስዎ ነዎት። ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ በሩ ክፍት ነው።»

ከዚያ ወደ ክምሯ ዞረች። አንድ ፕላስቲክ አንሥታ በጥፍሯ መታ አደረገችና አዳመጠች። እኔ መንገዱን ተሻገርኩ።