የታናሽየው ፓች

ሰፈርተኛው «ጠጋኙ» ይለዋል። ኮምፒውተር የሚጠግን እየመሰላቸው የተቃጠለ ቻርጀር ሳይቀር ያመጡለታል፤ እሱ ምስኪን የሚጠግነው ፕሮግራም ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ፕሮግራም። ባለቤቶቹ አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር እሱ በላዩ ላይ ፓቾቹን ይጭናል፤ «ይህን መስመር አውጣ፣ ይህን አስገባ» የሚሉ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው፣ ሻይ እንጠጣ የሚለው ባልደረባ የለው።

ከፓቾቹ አንዱ የሟች ታናሽ ወንድሙ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ይውጥ ነበርና ታናሽየው አስተካከለው። በፓቹ አናት ላይ፣ ከስሙ በታች፣ «እንደ ወንድሜ ነው፤ ተናግሮ አይጨርስም» ብሎ ጻፈበት። ቀልደኛ ነበር።

የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፤ የሚረባ ፓች ለባለቤቶቹ ይላካል። ከተቀበሉት የሠሪው ስም ከፕሮግራሙ ጋር ይኖራል፣ አንተ ዘንድ ያለው ይሰረዛል። ጠጋኙ ግን አልላከውም። አዲስ እትም በመጣ ቁጥር መስመሮቹ ቦታ ይቀያየሩና ፓቹ አልገጥም ይላል፤ እሱም በሩን ዘግቶ፣ መስመር በመስመር እያስተካከለ፣ ከወንድሙ ጋር ይውላል። ሞኝ ነው ትሉ ይሆናል። በሉ እንጂ፣ ማን ከለከላችሁ፤ ሌላ አብሮት የሚውል ሰው አልነበረውም።

እናቱ ስትደውል «የልጄ ሥራ አለ?» ትለዋለች።

«አለ እማዬ።»

«ስሙስ?»

«ስሙም አለ።» መጽናኛዋ ይህችው ነበረች።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ እትም መጣ። ፓቹ እንደ ልማዱ አልገጥም አለ። ጠጋኙም ደስ ብሎት ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ። ሲያየው ግን የሚስተካከል ነገር የለም። አንድ የማያውቀው ሰው ያንኑ ስህተት በራሱ መንገድ አርሞታል፤ ስሙም ከፕሮግራሙ ጋር ሰፍሯል። ልኮት ቢሆን ኖሮ እዚያ የሚሰፍረው የወንድሙ ስም ነበር። ፓቹን አወጣው፤ ፕሮግራሙ ያለ እሱም የመጨረሻውን ቃል ጥርት አድርጎ አነበበ።

እናቱ ደወለች። «የልጄ ሥራ አለ?»

«የለም እማዬ። ሌላ ሰው ቀደመው። በጊዜ መላክ ነበረብኝ፤ እኔ ነኝ ይዤ ያስቀረሁት።»

ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ።

«እና አንተ ልጄ» አለችው፣ «ከእንግዲህ ከማን ጋር ልትውል ነው?»

«እኔማ...» አለ። አልጨረሰውም።