ስድስት ተማሪና አንድ እግር

ስኳር ከያዘኝ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ራጉኤል አካባቢ ጨርቅ ስሸጥ ደግሞ የዚያን እጥፍ። ስለዚህ የሚገዛን ሰው ከማይገዛው ለይቼ አውቃለሁ። የሚገዛው ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ ይገለብጣል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያል። የማይገዛው «ቆንጆ ነው» ብሎ ይሄዳል። ያን ዕለት ሐኪም ቤት እግሬን የከበቡት ስድስት የሕክምና ተማሪዎች አንዳቸውም የሚገዙ አልነበሩም።

ቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ቁስል ወጥቶ አልድን ብሎኝ ነው የሄድኩት። ሐኪሙ «ጋሼ፣ ልጆቹ ቢማሩብዎ ቅር ይልዎታል?» አለኝ። ይማሩ አልኩ። እንዲህ ያለ ቁስል እግር እንደሚያስቆርጥ በጎረቤቴ አይቻለሁ፤ የሚያየው ዓይን ከበዛ እግሬ ይተርፋል ብዬ ነው። ሞኝ!

ቀኝ ጫማዬን ራሴው አወለቅኩ፤ ማን ጎንበስ ይበል? አንዱ አፍንጫውን ሸፈነ። አንዷ «እንዴት አደሩ» እንኳን ሳትለኝ በስልኳ ጣቴን ፎቶ አነሳች። ሐኪሙ «ንኩት እንጂ፣ ሙቀቱን በእጃችሁ ለዩት» ሲላቸው፣ ጋውኑን እንደ ሙሽራ ልብስ የተኮሰ አንድ ጎረምሳ በጓንት ነካ አደረገኝና እጁን ሰበሰበ። ከዚያ «ዶክተር፣ የዚህ ጥሩ ቪዲዮ አለ፤ በቴሌግራም ልላክልዎት?» አለው። ወይ ጉድ! እግሬ እዚያው ተዘርግቶ የእግር ቪዲዮ ሊልክለት!

ሐኪሙ ይቆጣል ስል ጭራሽ እጅ አስወጣቸው። «በሽተኛ ላይ ነው ወይስ በቪዲዮ መማር የሚሻላችሁ?» አምስቱ ለቪዲዮ አወጡ። ስድስተኛዋ ስልኳ ላይ ስለነበረች ጥያቄውንም አልሰማችም። «ቪዲዮ ሲሆን ታቆመዋለህ፣ ደግመህ ታየዋለህ» አለ ጎረምሳው። እኔስ መች ሮጥኩባችሁ? ተኝቼላችሁ የለ እንዴ!

ግራውንም ያውልቁ ያለኝ ግን የለም።

የራሴንም ጉድ ልናገር። መርካቶ ግፊያ ውስጥ ኪሱን የሚያምን የለም። እኔ የመጋዘኔን ቁልፍ ግራ ካልሲዬ ውስጥ፣ ከውስጥ እግሬ ሥር ነበር የምከታት። ድሮ ስራመድ ትቆረቁረኝ ነበር፤ መኖሯን የማውቀውም በዚያ ነው። በኋላ መቆርቆሯን ተወች። ታዲያ እኔ ብልጡ ነጋዴ ምን አልኩ? እግሬ ለመዳት! ደስም ብሎኝ ነበር እኮ። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት ኖሯል። ከስድስቱ አንዱ ግራ ጫማዬን ቢያስወልቀኝ እዚያው ሐኪሙ ፊት ይታወቅ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ካልሲዬን ስታወልቅልኝ ጮኸች። ቁልፏ ሥጋዬ ውስጥ ገብታለች። ራጉኤልን፣ ምንም አላመመኝም! ስላላመመኝም ናቅኩት። የበዓል ገበያ ነው፣ ሱቅ ዘግቼ የት እሄዳለሁ አልኩ። ባለቤቴ ብትለምን ብታለቅስ አልሰማኋትም። በሳምንቱ ስሄድ እግሬ ጠቁሯል። ግማሹን ቆረጡት። ቀኙ፣ ያ ስድስት ሰው የከበበው፣ ዳነ።

ከተኛሁበት ወጥቼ ለቀጠሮ ስመለስ ሐኪሙ እነዚያኑ ልጆች ሰብስቦ «ያመለጠን ምንድን ነው?» አላቸው። ጎረምሳው «ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀኝ እግር ነበር» አለ።

ደሜ ፈላ። «የተቆረጠው ካርዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ!» አልኩት። «ሁለቱንም ጫማ አስወልቁ፤ በሽተኛው እምቢ ቢላችሁም! እጃችሁን ጫማው ውስጥ ክተቱ! እኛ አይሰማንም፣ የናንተ እጅ ይሰማዋል!» ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። እንባም መጣብኝ፣ አልዋሽም።

ሁሉም አቀረቀሩ። አፈሩ፣ ገባቸው አልኩ በሆዴ። ጎረምሳው ቀና አለና ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግቶ በትሕትና «ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው ያሉት፤ አልተቀረጸልኝም፣ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት። አመስግነውኝ ወጡ። የተረፈኝ እግር እንደተጫማ ነበር፤ ያን ዕለትም ማንም አላስወለቀኝም።