ዘጠኝ አንደኞች

ግቢው ውስጥ ታላቅ እህቴን ሁሉም «እትዬ መኪና» ነው የሚላት። መኪና የላትም፤ መሪ ጨብጣም አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ስትጠግን ኖራ ስሙ እንደ እጇ ዘይት አልለቅ ብሏት ነው።

የምትሠራበት ግቢ ዘጠኝ ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ በየበሩ አንድ ጠጋኝ ነበር። ዛሬ ሰው ዕቃ ሲበላሽበት ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል፤ ስልኩም አዲስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይመራዋል። የግቢው በር ላይ የሚደርስ እግር ጠፋ። በዚህ ላይ ከቤቶች አስተዳደር ደብዳቤ መጣ፦ በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሥራ ላይ ያሉት ክፍሎች ከአምስት ካነሱ ግቢው መጋዘን ይሆናል። ሦስቱ ቀደም ብለው ዘግተው፣ ያን ቀን ክፍት የነበሩት ስድስት ናቸው። በሳምንቱ ሰዓት ሠሪው ዘጋ። አምስት ቀሩ።

እህቴ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቀደም ብላ፣ ዘጠኙም ሳሉ፣ ከስልኳ እያነበበች ደብተር ላይ እየገለበጠች የግቢውን ድረ ገጽ ብቻዋን ሠርታ ነበር። አንድ ገጽ ላይ የጠጋኞቹ ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ገጽ አለው። ሰው ሲያየው ዝርዝር መሆኑ ይገባዋል፤ በስልክ ሲፈለግ መልሱን የሚያመጣው የመፈለጊያ ማሽን ግን እንደ ሰው ዓይን የለውም። «ይህ ዝርዝር ነው፤ አንደኛው ይህ ነው፣ ገጹ እዚህ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ነው» ብሎ እሱ በሚገባው ኮድ ከገጹ ጀርባ መጻፍ ያስፈልጋል። የተዋቀረ ዳታ ይሉታል። ያንንም ጻፈች። ጽፋ ጸለየች፤ ጸልያ ጠበቀች። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ አንድ ሰው አልመጣም።

ሰዓት ሠሪው በዘጋ ዕለት ከሰዓት ክፍሏ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ኮዱን የሚመረምር መፈተኛ ላይ ገጹን አስገብታው ቀይ በቀይ ሆኖ መጥቷል።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ተደጋግሟል ይላል። ተራ ቁጥሩ ዘጠኝ ጊዜ አንድ፤ የገጹ አድራሻም ዘጠኝ ጊዜ ያው።»

«ምን ነካሽ? ለሁሉም አንድ ቁጥር ሰጠሻቸው?»

«ታዲያ ማንን ሁለተኛ ልበል?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

በዚያ ግቢ ማንም ከማንም አይቀድምም። ከዓመታት በፊት የበሩ ሰሌዳ ሲጻፍ «ከላይ ማን ይሁን» በሚል ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው አንደኛው ሳይታረቅ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ስማቸው በክብ ነው የሚጻፈው፤ ሲሰበሰቡም በክብ ነው የሚቀመጡት። እህቴም ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም አንደኛ አደረገች፤ ሁሉንም ወደዚያው የጋራ ገጽ መራች። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም።

በማግስቱ አምስቱ ተሰበሰቡ።

«አንድ ሰው አንደኛ መሆን አለበት፤ አንድ ሰው ደግሞ አምስተኛ» አለች እህቴ።



«ጫማ ሰፊው ይቅደም» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ።

«ኧረ በፈጣሪ! አንተ እያለህ?» አለ ጫማ ሰፊው፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«እኔማ ምን አገባኝ፣ ከቆየሁበት ዘመን አንጻር ቢታይም እንኳ» አለች መነጽር ጠጋኟ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠግኑት ጋሼ ምድጃ ሳቁ። ሰባ ሊሞላቸው ነው። «እኔን ተዉኝ። ዕቃዬን ሸክፌያለሁ፤ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። ለቀብር ወረፋ አይያዝም።»

እህቴ ብድግ አለች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «እናንተ ‹አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ› ስትባባሉ ግቢው ሊሄድ ነው! ጋሼ ከሄዱ አራት ነን። አራት ከሆንን ደግሞ የለንም። ለመሄድ የቀረበ ይቀድማል፤ እሳቸው አንደኛ፣ እኔ መጨረሻ። የሚቀየም ይቀየመኝ!»

ጫማ ሰፊው ሁለት ቀን ሰላምታ ነሳት።

የዘጉትን ከዝርዝሩ አወጣች፤ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ሰጠች፤ እያንዳንዱን ወደ ገዛ ገጹ መራች። መፈተኛው አረንጓዴ ሆነ። ነገር ግን የመፈለጊያው ማሽን መጥቶ እንደገና እስኪያነብ ቀናት ይፈጃል፤ አንብቦም ከላይ የማውጣት ግዴታ የለበትም። ይህንን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ከሥሩ ያለው «አቤቱ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ወሩ ተገባደደ። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ጋሼ ምድጃ የመፍቻ ሣጥናቸውንና ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዱ። እህቴ አልለመነቻቸውም፤ ልመናዋ አልቆ ነበር።

ረፋድ ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። አራት በር ቆጥሮ አምስተኛው ላይ ቆመ። «ይሄኛውስ?»

«እስከ ትናንት ነበሩ» አለች እህቴ።

«ትናንትን አልቆጥርም፣ እመቤቴ።»

እስክሪብቶውን ሲያወጣ አንዲት ሴት ትንሽ ምድጃ ታቅፋ ገባች፤ በሌላ እጇ ስልክ ይዛለች። «ምድጃ የሚጠግኑት የትኛው በር ናቸው? ፈልጌ ከላይ የወጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ለጋሼ ምድጃ ደወለች። ድምጻቸውን ሁላችንም ሰማነው።

«ጋሼ፣ ምድጃ መጥቷል።»

«አንቺው ጠግኚያ! ተሳፍሬያለሁ እኮ።»

«ሴትዮዋ እርስዎን ነው የፈለገችው። አውቶቡሱ ተነስቷል?»

«ገና አልሞላም» አሉ።

እህቴ ለተቆጣጣሪው ከክፍሏ ወንበር አመጣችለት። ሰዓቱን አሥር ጊዜ አየ፤ ግን ተቀመጠ። ጋሼ ምድጃ ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ ደረሱ፤ ባዶው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጠው ምድጃውን ገልብጠው መፍታት ጀመሩ።

«ክፍሉ ውስጥ ወንበር እንኳ የለም» አለ ተቆጣጣሪው።

«ሰው ግን አለ» አለች እህቴ።

ቆይቶ ወረቀቱ ላይ «አምስት» ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገ። «ከሦስት ወር በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

በዚያ ሳምንት በስልክ ፈልገው የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰው ግቢ አያድንም፤ እናውቃለን። ሦስት ወር ግን ተሰጥቶናል፤ ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እህቴ የየጠጋኙን ገጽ አንድ በአንድ እያስተካከለች ነው። ጋሼ ምድጃም በየቀኑ ይመጣሉ፤ ልብሳቸውን ግን ገና ከሻንጣ አላወጡም።