ልጄ ታስተምረዋለች

ባለፈው ሳምንት አባቴን ከተበላ ከተማ አምጥቼ ሶዶ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል... አሁን ግን የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍም አቅቶታል።

ሐኪሙ አስራመደው፣ ጣቶቹን አስጨብጦ አስከፈተው፣ ከዚያ ፓርኪንሰን መሆኑን ነገረኝ። አባቴ አማርኛ ብዙም ስለማይሰማ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ሴል ያረጀ ዕቃውን ራሱ እያፈረሰ መልሶ ይጠቀምበታል አይደል? የአባትሽ አንጎል ውስጥ አንዳንዶቹ ሴሎች ይሄን ሥራ በደንብ እየሠሩ አይመስለኝም። ቆሻሻው ይጠራቀምና ሴሉ ይሞታል» አለኝ።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይሄንኑ ነገር፣ ኦቶፋጂን፣ በዚያው ሳምንት ለአሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ... ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ «ይሄ ባይኖር ጤና የለም» ብዬ፣ ተማሪ አስቄ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ በወላይትኛ።

«ሰውነት ውስጡን የሚያጸዳበት መንገድ አለው። አንተ ጋ እሱ ደከም ብሏል ነው የሚለው።»

«አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ?»

«አስተምረዋለሁ።»

ፊቱ ፈካ አለ። «ታዲያ ምን ያስፈራናል?»

ሐኪሙ መድኃኒት እየጻፈ፣ «ይሄ መንቀጥቀጡን ይቀንስለታል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም» አለ።

ይሄኛውን... አልተረጎምኩትም። «በሰዓቱ ውሰድ ብሏል» አልኩት።

ወደ ተበላ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጡ ሴትዮ ሲያወራ ሰማሁት። «ልጄ ይሄን በሽታ ትምህርት ቤት ታስተምረዋለች» ይላል፣ እጁ ጉልበቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «የእኔም ባለቤት እንደዚሁ ናቸው ልጄ። እስቲ ስልክሽን ስጪኝ።»

ሐኪም አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቁጥሬን ይነግራቸው ጀመር። በቃሉ ነው የሚያውቀው።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውለዋል። የምላቸው ያው አንድ ነው... «ሐኪም ያዘዘውን በሰዓቱ ይውሰዱ።» እሳቸውም «ተባረኪ» ብለው ይዘጋሉ።

አባቴም ይደውላል። መድኃኒቱ በሽታውን እንደማያቆመው እስካሁን አልነገርኩትም፣ እሱም አይጠይቀኝም። «ዛሬስ አስተማርሽ?» ብቻ ነው የሚለኝ።

«አስተማርኩ» እለዋለሁ... ሌላ ምን ልበለው።