ነፍሴን የተከተልኩ ዕለት

ስልክ የማያሳየው ነገር የለም መቼም። ጨፋ ሜዳ ላይ ሳርስ አርፍጄ በሬዎቼን ለግጦሽ እንደፈታሁ፣ ነፍስ ከሥጋ ወጥታ እንዴት ኃይል እንደምትሰበስብ የሚያስተምር ሰው ስልኬ ላይ አየሁ። እንዳለው በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን አዘገየሁ። እውነትም ሰውነቴ ቀለለኝ።

ድንገት የሆነ እጅ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞረኝ። «ልጄ፣ ላኢላሃ ኢለላህ በል!» አለኝ አንድ ድምፅ፤ ለሚያጣጥር ሰው እንደሚባለው። ሞትኩ ብዬ ሸሃዳውን እየጮህኩ ዐይኔን ገለጥኩ።

ጎረቤቴ ሼህ ይማም ራሴን ታቅፈው ያለቅሳሉ። አኼራ ሳይሆን ጨፋ መሆኔን ሳውቅ እፎይ አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ነክቶህ ነው?»

«ደህና ነኝ አባቴ፤ ነፍሴን እየተከተልኩ ነበር።»

እንባቸውን ጠርገው ሜዳውን ቃኙ።

«ነፍስህስ አለች። የሄዱት በሬዎችህ ናቸው።»